ከሻሸመኔ እስከ ጥቁር አንበሳ

ከሻሸመኔ አዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ሐዋሳ ለሽርሽር የሚወርድ ሰው መንገዱን የሚያስታውሰው በላንጋኖ ቡናማ ውኃ፣ በባቱ ዓሣ እና በመቂ ቲማቲም ነው። ይኸው መንገድ ግን ሌላም መንገደኛ አለው። ሪፈር ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያ የሚቆም ታካሚ ነው። እኔም ባለፉት አሥራ አራት ወራት አክስቴን ይዤ ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ምክንያታችን በግራ ተረከዟ ሥር የወጣ፣ መጀመሪያ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ጥቁር ነጥብ ነበር።

ብዙ አንባቢዎቻችን ይህን መንገድ ለሽርሽር ታውቁታላችሁ። ዛሬ ደግሞ በታካሚ ዓይን ላስጎበኛችሁ።

ሻሸመኔ

አክስቴ ሻሸመኔ ገበያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አላት። አንደኛ ደረጃ ተምሬ እስክጨርስ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ነጥቡን መጀመሪያ ያየችው ማታ እግሯን ስትታጠብ ነው። አያምም፣ አያሳክክም። «ሚስማር ወግቶኝ ይሆናል» ብላ ተወችው። ከወራት በኋላ ሰፋ፤ ጠርዙ እንደ ፈሰሰ ቀለም ተዛባ፤ መሐሉም ቆስሎ አልደርቅ አለ። በአንድ የሕክምና ቦታ እንደ ተራ ቁስል ለረጅም ጊዜ ሲታሸግላት ቆየ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ እግሯን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችና «እማማ፣ ይሄ የቆዳ ሐኪም ማየት አለበት፤ አዲስ አበባ ይሂዱ» አለቻት።

ሻሸመኔ ለዚህ በሽታ ባዕድ አይደለችም፤ ይህን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው። ጃማይካ ሰፈር የሄደ ሁሉ የቦብ ማርሌይን ሥዕል በግድግዳ ላይ አይቷል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩትን ወንድሞቹን ለማየት እ.ኤ.አ. በ1978 ወደ ሻሸመኔ መጥቶ ነበር። ያኔ በሽታው አብሮት ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1977፣ በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ተገኝቶበታል። ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. ማያሚ ውስጥ በ36 ዓመቱ ሲያርፍ በሽታው ወደ ሌሎች የሰውነቱ ክፍሎች ተሠራጭቶ ነበር።

«የቆዳ ካንሰር የነጮች በሽታ ነው» ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፣ ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ቀለም በብዛት አለው። በእኛ ዘንድ የሚታየው ሜላኖማ ግን በአብዛኛው ከፀሐይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍ እና በጥፍር ሥር ነው። ማንም ትኩር ብሎ የማያያቸው ቦታዎች በመሆናቸው ብዙ ጊዜ የሚደረስበት ዘግይቶ ነው።

ዘነበወርቅ

የመጀመሪያ ማረፊያችን ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ነበር። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው ይህ ቦታ ዛሬ በሀገራችን የቆዳ ሕክምና ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀስ ነው። የዕድሜ ባለጸጋ የአዲስ አበባ ሰዎች ሰፈሩን በፍርሃት ያልፉት እንደነበር ያወራሉ። አሁን ተጠባባቂው ወንበር ላይ ከየክልሉ የመጣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ይቀመጣል።

አክስቴ አጠገብ አንዲት እናት አልቢኒዝም ያለበትን የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ልጁ አንገቱን ጭምር የሚሸፍን፣ እናቱ ራሷ የሰፋችለት ባርኔጣ አድርጓል። ሜላኒን የሚባለው የቆዳ ቀለም ለሚጎድላቸው እንደሱ ላሉ ልጆች ፀሐይ የቆዳ ካንሰር ዋና መንስኤ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጎጂው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ብትሆንም ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም። «የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን መዋቢያ ነው ይሉኛል፤ ለሱ ግን መድኃኒቱ ነው» አለች እናትየው። አክስቴ ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ ለልጁ ሰጠችው፤ እኛ የናሙናውን ውጤት ልንሰማ በተመለስንበት ቀን ስማቸውን ታውቅ ነበር።

ከተረከዟ የተወሰደው ናሙና ሜላኖማ መሆኑ ተረጋገጠ። ቤተሰባችን ውስጥ ትልቁ ክርክር የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። አጎቶቼ «ለሷ አይነገርም» አሉ። ክፉ ወሬ በሀገራችን እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ መርዶ እንኳ ሰው ተሰብስቦ፣ ጊዜ ተመርጦ ነው። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ ለአንድ ሳሙና ስም ለማውጣት ሳምንታት እንፈጃለን። ቤተሰባችን ግን ስሙን ላለመጥራት ነበር የሚደክመው። «ያ ነገር»፣ «ቁስሉ»፣ «የእግሯ ጉዳይ» እየተባለ ከረመ።

ሐኪሟ ግን እኛን አልጠየቀችም። ወንበሯን ወደ አክስቴ አስጠጋችና «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» አለቻት። አክስቴ አጎቶቼን አንድ በአንድ አየቻቸው። «የሚቆረጠው የኔ እግር ከሆነ መጀመሪያ መስማት ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ንገሪኝ ልጄ» አለች። ተነገራት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ የጠየቀችው «ሱቄን ለስንት ጊዜ ልዝጋ?» የሚል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ካንሰር የሚለው ቃል በስሙ ይጠራል። ስለ ቀጠሮ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ፍርሃት በግልጽ ማውራት የቻልነው ያኔ ነው።

ጥቁር አንበሳ

ለቀጣዩ ሕክምና የተላክነው ወደ ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ካለው የድንጋይ አንበሳ በእግር ሩቅ አይደለም፤ እዚያ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮችን አልፈን ነበር የምንሄደው። ሆስፒታሉ ለረጅም ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ ቆይቷል። በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማ ያሉ ከተሞች አገልግሎቱን ቢጀምሩም ግቢው ዛሬም ትንሿ ኢትዮጵያ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ በአንድ ሰልፍ ላይ ይሰማል።

የሜላኖማ ዋናው ሕክምና፣ በተለይ በጊዜ ከተደረሰበት፣ ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሞቹ ቁስሉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጤነኛ የሚመስል ቆዳም ጨምረው አወጡ። ከጭኗ ቆዳ ተወስዶ ተረከዟ ላይ ተለጠፈላት። በሽታው ወደ ብሽሽቷ ንፍፊቶች መሄድ አለመሄዱም ተመረመረ። ለሳምንታት እግሯን መሬት ማስነካት ተከለከለች። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቆማ የምትውል ሴት አልጋ ላይ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ስትውል ከሕመሙ ይልቅ የከበዳት ሥራ መፍታቱ ነበር። ማታ ማታ ታለቅስ ነበር። እኔም አጠገቧ ከመቀመጥ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም፤ አንዳንድ ቀን ያ ይበቃት ነበር።

የዚህ ግቢ እውቀት ያለው በሰልፈኞቹ ዘንድ ነው። የትኛው መስኮት በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ የትኛው ወረቀት ኮፒ እንደሚያስፈልገው፣ ርካሽ አልጋ የት እንደሚገኝ የነገሩን ከጎጃም ባለቤታቸውን ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። እኛም በተራችን ለአዲስ መጪ ነገርን። ማረፊያ ለሌላቸው የሚደርሱ ድርጅቶችም አሉ። ከእነዚህ አንዱ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው። ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ከሃያ ዓመታት በፊት ያቋቋሙት ይህ ድርጅት ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያና ሌላም ድጋፍ ይሰጣል።

ምን ረዳን፣ ምን አልረዳንም?

ጠያቂ አልጎደለብንም። ግን ጠያቂ ሁሉ እኩል አይጠቅምም። «ምን ላድርግልሽ?» የሚል ጥያቄ ለታማሚው ተጨማሪ ሥራ ነው። «ሰኞ ቀጠሮ አለሽ አሉ፤ በመኪናዬ እመጣለሁ» ያለች ጎረቤት ግን ሙሉ ቀን አቀለለችልን። «እከሌም በዚሁ ነው የሞተችው» የሚል ጠያቂ ደግሞ በር ላይ ቢመለስ ይሻላል።

ሁሉም መድኃኒት ያውቃል። ቁስሉ ላይ የሚደረግ ቅጠልና ቅባት ይዘው የመጡ ነበሩ። አክስቴ ሁሉንም አመስግና ተቀበለች፤ እግሯ ላይ ግን ምንም አላስነካችም። ጸበል መጠመቅ ስትፈልግ ሐኪሟን ጠየቀች። «የተለጠፈው ቆዳ ይያዝና ቁስሉ ይድረቅ፤ ከዚያ ይጠመቃሉ» ተባለች። ጠበቀች፣ ከዚያ ተጠመቀች። ሕክምናውንና እምነቱን ማጣላት አላስፈለጋትም።

ወረቀቶቿን ሁሉ፣ ሪፈሩን፣ የናሙናውን ውጤት፣ የቀጠሮ ካርዱን በአንድ ፋይል አስገባን፤ በስልክም ፎቶ አነሳናቸው። አንድ ቀን ፋይሉ ሚኒባስ ውስጥ ተረስቶ ሲጠፋ ያተረፉን እነዚያ ፎቶዎች ናቸው። አስታማሚም ይደክማል። የአክስቴ ልጅ፣ አጎቴና እኔ ተራ ገባን፤ ተራው ያልሆነ ሰው በእንቅልፉ አያፍርም የሚል ደንብም አወጣን።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሴቶች ዕድሯ ነው። አክስቴ ለሃያ ዓመታት ስትከፍል ኖራለች፤ ዕድር ደግሞ እንደምታውቁት የሚደርሰው ሰው ሲሞት ነው። ሊጠይቋት በመጡ ቀን እየሳቀች «እንግዲህ ድንኳኑን ከምትተክሉልኝ የመኪና መሣፈሪያውን አሁን ብትሰጡኝስ?» አለቻቸው። ቀልድ ነበር። ሴቶቹ ግን ተነጋገሩበት። ደንቡን አልነኩትም፤ ለብቻ መዋጮ አወጡና ለስድስት ወር የመንገዱን ወጪ ሸፈኑ። የዕቁብ ጓደኞቿም ዕጣ የወጣላት ሴት ተራዋን ለአክስቴ እንድትለቅ አስማሙ። በየሰፈራችን ያሉት እነዚህ ማኅበሮች ለቀብር የሚያውቁትን ጥንካሬ ለሕክምናም ሊያውሉት ይችላሉ። የሚያነሳው ሰው ብቻ ነው የሚጎድለው።

ወደ ሻሸመኔ መልስ

ስንመለስ ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር እንይዛለን። እግሯ ከፍ እንዲል ከሥሩ ቦርሳ እናደርጋለን። ባቱ ላይ ወርደን ዓሣ እንበላለን፤ ጥቂት ትራመዳለች። አሁን ያለ ክራንች ትሄዳለች፤ ረጅም መንገድ ከሆነ ግን ታነክሳለች። ጠንካራ ጫማ አትችልም። ምርመራዋ በየሦስት ወሩ ነው፤ እስካሁን ንፍፊቶቿ ንጹሕ ናቸው። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከመድረሱ በፊት ባሉት ቀናት እንቅልፍ አይወስዳትም፤ እኔንም አይወስደኝም። ይህን ፍርሃት የሚያጠፋ ምክር ከማንም አልሰማንም። ቀጠሮው ሳያልፍ መሄድ ብቻ ነው።

በሱቋ ደጃፍ ቡና ሲፈላ አዲስ ልማድ ገብቷል። አክስቴ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን ታሳያለች፤ ከዚያ «በሉ እናንተም አሳዩኝ» ትላለች። መጀመሪያ ሳቁባት። እስካሁን ሁለት ሴቶችን ወደ ሐኪም ልካለች። የአንዷ ጫማ ያጠነከረው ቆዳ ሆኖ ተገኘ፤ የሌላዋ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ እየተጠበቀ ነው። ውጤቱ የሚሰማ ቀን አክስቴ አብራት አዲስ አበባ ለመምጣት ቲኬት ቆርጣለች።

እናንተም ዛሬ ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ ውስጥ እግራችሁን፣ በጣቶቻችሁ መሐል እና ጥፍሮቻችሁን እዩ። ማየት ካልቻላችሁ ልጆቻችሁ ይዩላችሁ፤ የእናት የአባታችሁንም እዩ። ግራና ቀኙ የማይመሳሰል፣ ጠርዙ የተዛባ፣ ቀለሙ የተቀላቀለ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር የሰፋ ወይም እየተለወጠ ያለ ነጥብ ካለ፣ የማይድን ቁስል ካለ፣ ሐኪም ይየው። ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር በእኛ ቆዳ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ እየሰፋ ወይም ወደ ዙሪያው ቆዳ እየተሻገረ ከሆነ ግን አትጠብቁ። በመጀመሪያው ቦታ «ምንም አይደለም» ተብላችሁ ካልዳነ ሌላ ሐኪም ጠይቁ፤ ናሙና መወሰድ አለበት ወይ ብላችሁም በግልጽ ጠይቁ።