ሁለት ሌሊት በባሕር ዳር

በአገልጋይ ቤት በሩ አይዘጋም፤ ስልኩም ዝም አይልም። ዕረፍት ብለን ቤት ብንቀመጥ ለእንግዳ ቡና ስናፈላ ቀኑ ይመሻል። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ መንገዱ ሰላም በሆነበት ዓመት፣ ልጆቹን ለአያታቸው ትተን በጥር ወር ከእንጅባራ ባሕር ዳር እንወርዳለን። 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዳንግላ ለምትነሡ 80 ገደማ።

ወጪው አያስፈራችሁ። አስቀድማችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉ፦ የመኪና፣ የአልጋ፣ የምግብ። የጥምቀት ግርግር ካለፈ በኋላ ሂዱ። ለመንገድ የሚሆን ዳቦና የተቀቀለ ድንች ከቤት ያዙ። ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድን ለመስከረም አቆዩት፤ በበጋ ውኃው ይቀንሳል፣ ወደ ኃይል ማመንጫውም ይጠለፋል። በጣና ላይ በጀልባ መጓዝ ካማራችሁ ከሌሎች ጋር ተዳብላችሁ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተስማሙ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በነጻ ነው። በዘንባባው ጥላ ሥር ተራመዱ፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ በእግራችሁ ተሻገሩ። አንድ ማታ በዚያ ድልድይ ላይ ባለቤቴ ለወራት በልቡ የያዘውን ድካም ነገረኝ። ቤት ብንሆን ኖሮ ግማሹን ሳይናገር በር ይንኳኳ ነበር።

ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን እንዲያርፉ ለብቻቸው ወስዷቸዋል (ማር. 6፥31)። ባለትዳሮች ሆይ፣ ከዛሬ ጀምራችሁ በየሳምንቱ ጥቂት ብር ለይታችሁ አስቀምጡ። ስትሄዱም ስልካችሁን አጥፉ። መልካም ዕረፍት!