ማንዴላ በኮልፌ፣ ቤተሰባቸው በሶዌቶ

ኮልፌ ቀራንዮ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ከመርካቶ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ሰፊ ክፍለ ከተማ ነው። የገበያው ግርግርና የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ከማለዳ እስከ ማታ አይለየውም። በዚህ ሁካታ መካከል የሚያልፍ ሰው፣ በሰፈሩ የነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ አንድ ታላቅ እንግዳ ማስተናገዱን ልብ ላይል ይችላል። በ1954 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 1962) ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ትምህርት ሊማሩ ወደዚህ መጥተው ነበር።

እንግዳው የባላባት ልጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1918 ከቴምቡ ንጉሣዊ ዘር ተወለዱ፤ የእርሳቸው ወገን ግን ዙፋን የሚወርስ ሳይሆን ነገሥታቱን የሚያማክር ነበር። እናታቸው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አማኝ ስለነበሩ ልጃቸውን አስጠምቀው ትምህርት ቤት አስገቡት። «ኔልሰን» የሚለውን ስም ያወጣችላቸው መምህርታቸው ናት፤ እርሳቸውም ምናልባት ከእንግሊዛዊው የባሕር ኃይል አዛዥ ከሎርድ ኔልሰን የተወሰደ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገምተዋል። አባታቸው ሲሞቱ ያሳደጓቸው የቴምቡ እንደራሴ ጆንጊንታባ ናቸው።

ማንዴላ ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ሲበሩ የአውሮፕላኑ አብራሪ ጥቁር መሆኑን አይተው ለአፍታ ደንግጠው ነበር። ጥቁር ሰው አውሮፕላን ሲያበር አይተው አያውቁም ነበርና። ኮልፌ ከደረሱ በኋላ ተኩስ፣ የፈንጂ አጠቃቀምና አድካሚ የእግር ጉዞ ተለማመዱ። ማታ ማታ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ስለ ጦር አመራር ያስተምሯቸው ነበር።

በዚያው ጊዜ በሶዌቶ ባለቤታቸው ዊኒ ሁለት ሕፃናት ታሳድግ ነበር። ዜናኒ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ዚንዚ ደግሞ ሁለት ዓመት አልሞላትም። ከመጀመሪያዋ ሚስታቸው ከኤቭሊን የወለዷቸው ሌሎች ሦስት ልጆችም ነበሩ። ያ ትዳር እ.ኤ.አ. በ1958 ፈርሷል። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ቴምቢ፣ አባቱ ማልዶ እየወጣ አምሽቶ ስለሚገባ፣ ገና በሕፃንነቱ «አባዬ የሚኖረው የት ነው?» ብሎ እናቱን ጠይቆ ነበር።

ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሳይጠናቀቅ ድርጅታቸው በአስቸኳይ እንዲመለሱ ጠራቸው። ኮሎኔል ታደሰ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው ሸኟቸው። አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ነሐሴ 5 ቀን 1962 (እ.ኤ.አ.) ተያዙ፤ ከእስር የወጡትም የካቲት 11 ቀን 1990 ነው።

በመካከሉ ቤተሰቡ ብዙ ከፈለ። እ.ኤ.አ. በ1968 እናታቸው፣ በ1969 ደግሞ ቴምቢ በመኪና አደጋ ሲሞቱ፣ ለቀብር እንዲወጡ አልተፈቀደላቸውም። ባለቤታቸውን እጇን ይዘው ለማቀፍ የበቁት በ1984 ነው፤ ሁለት አሥርተ ዓመታት ካለፉ በኋላ ማለት ነው። ከተፈቱ በኋላም ትዳሩ አልጸናም፤ በ1992 ተለያዩ፣ በ1996 ተፋቱ። በ2005 ልጃቸው ማክጋቶ ሲሞት ግን ማንዴላ የሞቱ ምክንያት ኤድስ መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። ብዙ ቤተሰብ በሚደብቅበት ዘመን ይህ የአባት ድፍረት ነበር።

ማንዴላ ራሳቸው ይህን ዕዳ አልካዱም። የሕዝብ አባት መሆን ትልቅ ክብር ቢሆንም የቤተሰብ አባት መሆን የበለጠ ደስታ እንደሆነ፣ ከዚያ ደስታ የደረሳቸው ግን ጥቂት እንደነበረ ተናግረዋል።

ውድ ባለትዳሮች፣ ማንዴላን ከቤታቸው ያራቀ የወህኒ ግድግዳ ነበር። እኛን የሚያርቀን ግን ብዙ ጊዜ በገዛ እጃችን የምንጨምረው ሥራ፣ ስብሰባና አገልግሎት ነው። ልጆቻችን «አባዬ የት ነው? እማዬስ?» ብለው ሳይጠይቁ ቤታቸው እንገኝ። በኮልፌ ስናልፍም ከታጋዩ ጋር፣ በሶዌቶ ደጅ ደጁን እያዩ የጠበቁትን ሕፃናት እናስብ።