አንገት ደፊዋ

ባለፈው ሰኔ፣ አንድ እሁድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ አንገቴ ወደ ግራ አልዞርም አለ። «ትራሱ ነው» ብዬ ናቅሁት። ቡና ጠጥተን፣ ባለቤቴ እየነዳ፣ ወደ እናቴ ቤት ጉዞ ጀመርን። የአራት ዓመት ልጃችን ከኋላ ወንበር ሆና «እማዬ፣ እዪኝ!» አለች። መዞር አልቻልኩም። «እሺ የኔ እናት» አልኳት፣ ፊት ለፊት እያየሁ። ደግማ ጠራችኝ። ከዚያ ዝም አለችና ቀስ ብላ «ተቆጥተሽኛል?» አለችኝ።

ባለቤቴ «አንገቷን አሟት ነው» ብሎ ሊያስረዳት ሲሞክር የመለሰችው ነገር ከሕመሙ በላይ ወጋኝ፦ «ስልክ ስታይም እኮ አትዞርም።»

እናቴ ገና ስታየኝ «ብርድ መቶሽ ነው» አለች። የሰፈሩን ወጌሻ ልታስጠራም ተነሳች፤ «አንዴ ቋ ካደረገው ይለቅሻል» ብላ። ሕመሙ እንዲህ ጠንክሮ ስለነበር እሺ ልል ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ ግን አልተስማማም። በማግስቱ ወደ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወሰደኝ።

ባለሙያው እጄን እንድጨብጥ፣ ክንዴን እንዳነሳ አድርጎ ከመረመረኝ በኋላ ስለ ትራሴ ሳይሆን ስለ ውሎዬ ጠየቀኝ። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነበር። ቀን ቢሮ፣ ማታ ደግሞ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፍቼ የግብይት ዕቅድ እሠራለሁ። ስልክ ሲደወል በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል አጣብቄ መጻፌን እቀጥላለሁ። አልጋ ውስጥም የመጨረሻ ሥራዬ ስልክ መነካካት ነው።

«የሰው ጭንቅላት አምስት ኪሎ ገደማ ይመዝናል» አለኝ። «አምስት ኪሎ ስኳር ደረትዎ ላይ አስጠግተው ቢይዙት አይከብድም። ክንድዎን ዘርግተው ቢይዙትስ? ጭንቅላታችን ቀጥ ሲል ክብደቱን አጥንቶቹ ይሸከሙታል። ወደ ፊት ሲደፋ ግን ሸክሙ ከኋላ ባሉት ጡንቻዎች ላይ ይወድቃል።» ጭንቀት ሲጨመርበት ደግሞ ሳናውቀው ትከሻችንን ወደ ላይ ሰቅለን እንውላለን። ጡንቻው ይደክማል፤ አንድ ቀን ይኮማተርና አልላወስ ይላል።

አንገትን በኃይል መጠምዘዝ ግን አደገኛ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀኝ፤ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሥሮች በዚያው ያልፋሉና። ሙቅ ፎጣ ማድረግን ፈቀደልኝ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ብርድ ነው አላልኩሽም?» ብላ ኮራች። ተኝቼ እንዳልውል፣ እስከማያምመኝ ድረስ አንገቴን ቀስ እያልኩ እንዳንቀሳቅስም መከረኝ። በአራተኛው ቀን ወደ ግራ መዞር ቻልኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሕመሙ ለቀቀኝ።

ከዚያ ወዲህ የለወጥኳቸው ነገሮች ብዙ ወጪ አልጠየቁም። ላፕቶፑን የስክሪኑ የላይኛው ጫፍ ከዓይኔ ትይዩ እስኪሆን ድረስ ወፍራም መጻሕፍት ላይ አስቀመጥኩት፤ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድም ገዛሁ። ስልክ የማወራው በጆሮ ማዳመጫ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ከወንበሬ እነሳለሁ። ሁለት የነበረው ትራሴ አንድ ሆኗል። ጠዋትና ማታ ቀጥ ብዬ እቀመጥና አገጬን ወደ ኋላ ስቤ አምስት ሰከንድ እይዛለሁ፤ አሥር ጊዜ እደጋግመዋለሁ። ከዚያ ትከሻዎቼን ወደ ኋላ አሽከረክራለሁ።

አብዛኛው የአንገት ሕመም እንደኔው በራሱ ጊዜ ይሻላል። ነገር ግን ሕመሙ ወደ ክንድ እየወረደ የሚያደነዝዝ ወይም እጅን የሚያዝል ከሆነ፣ አረማመድን ካበላሸ፣ ከአደጋ ወይም ከመውደቅ በኋላ ከመጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። አንገት ደርቆ ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ከታከለበት ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ ማሳደር አይገባም።

አያቴ «አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ» ትል ነበር፤ ጨዋ መስሎ ስለሚያጠፋ ሰው። እኔ አገር አላጠፋሁም። ግን ማታ ማታ አንገቴን ደፍቼ ስቀመጥ ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ እንደተቆጣኋት ታስብ እንደነበር አላወቅሁም። ዛሬም ሥራ ሲበዛ እረሳለሁ። ያኔ ልጄ መጥታ አገጬን በትንሽ እጇ ቀና ታደርገውና «አንገት!» ትለኛለች። ላፕቶፑን እዘጋለሁ። «እዪኝ» ስትል አንገቴን ብቻ ሳይሆን ወንበሬንም ጭምር ወደ እሷ አዞራለሁ።