አሸናፊ አይነሳም

የክበባችን ኃላፊ መምህር «ግጥም ብቻ አታምጡልኝ፣ ከራሳችሁ ሕይወት ጻፉ» ስላሉን እኔም አሰብኩ አሰብኩና ከጌም በስተቀር በደንብ የማውቀው ነገር እንደሌለኝ ደረስኩበት። ስለዚህ ስለ ጌም ነው የምጽፈው። እናቴ ይህን መጽሔት እንደማታነብ ተስፋ አደርጋለሁ። ካነበበች ደግሞ ምን ይደረጋል፣ በቃ አነበበች።

እኔ የምጫወትበት ጌም ቤት ከትምህርት ቤታችን ብዙም አይርቅም። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። በበሩ ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ከውስጥ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን ሦስት እና አንድ አሮጌ ፕሌይስቴሽን ሁለት አለ። የእኛ የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እዚያ ቤት ግን ብርድ የለም። ሃያ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ተጠቅጥቆ ሲጮህ ይሞቃል። ሽታው ስለ ካልሲ ስለሆነ እሱን አልጽፍም። የሚያስተናግደን ልጅ ጠብ ሲነሳ የሚፈርደው እሱ ስለሆነ «ዳኛው» ነው የምንለው።

የምንጫወተው ፒኢኤስ 2017 ነው። ጌሙ የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ2009 መጀመሪያ ነው፣ ያኔ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሲዲው ውስጥ ግን ጊዜው እዚያው ቆሟል። ሜሲ፣ ኔይማርና ስዋሬዝ አሁንም አብረው ባርሴሎና ናቸው። ሮናልዶ አሁንም ማድሪድ ነው። ማድሪድ ግን ማድሪድ አይባልም፣ «ኤምዲ ዋይት» ነው የሚባለው። ማንቸስተር ዩናይትድም «ማን ሬድ» ነው፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ነው። ጌሙን የሚሠራው ኮናሚ የክለቦቹን ስም ለመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው ነው። አዲስ ልጅ ሲመጣ «ማድሪድ የታለ?» ብሎ ሲፈልግ እንስቅበታለን። እኔም አንድ ጊዜ ተስቆብኛል።

የቤቱ ሕግ ሁለት ነው። አንደኛው «ተሸናፊ ይከፍላል» ነው። አንድ ጨዋታ 10 ብር ነው፣ የሚከፍለው ግን የተሸነፈው ብቻ ነው። ሁለተኛው «አሸናፊ አይነሳም» ነው። ያሸነፈ ሰው ቦታው ላይ እንደተቀመጠ ይቆይና ወረፋ የያዘው ልጅ ይገጥመዋል። ይህ ማለት ጎበዝ ከሆንክ ቀኑን ሙሉ በነጻ ትጫወታለህ ማለት ነው። እኔ ደግሞ (ጉራ አይሁንብኝና) ጎበዝ ነኝ።

ሁሌ የምይዘው ኤምዲ ዋይትን ነው። ዘዴዬ አንድ ነው። ወደ ኋላ ተሰብስቤ እጠብቃለሁ፣ ኳሷን ስነጥቅ ኤልዋንን ይዤ ሦስት ማዕዘኗን እጫናለሁ፣ ኳሷ በአየር ከተከላካዮቹ ጀርባ ትወድቃለች፣ ከዚያ ቤል አርዋንን ይዞ ይሮጣል። በቃ። ቤልን ሮጦ የሚደርስበት የለም። ልጆቹ «ሌላ ጨዋታ አታውቅም እንዴ?» ይሉኛል። ለምን ሌላ ልወቅ?

ውጤቴን ሁሉ የሒሳብ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ እጽፋለሁ። ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ 64 ጊዜ ተጫውቼ 48 ጊዜ አሸንፌያለሁ። ፐርሰንት የተማርን ቀን መጀመሪያ ያሰላሁት ይህን ነው፣ 48 ሲካፈል ለ64 ሲባዛ በ100፣ 75 ፐርሰንት ይመጣል። በሒሳብ ፈተና ያመጣሁት ከዚህ ያንሳል፣ እሱን ግን ሌላ ቀን እናወራለን። 16 ጊዜ ስለተሸነፍኩ የከፈልኩት 160 ብር ነው። 480 ብር ደግሞ ሌሎች ከፍለውልኝ ተጫውቻለሁ። ይህን ቁጥር በጣም ነበር የምወደው።

ቤት ውስጥ ጌም የለኝም። በፊት በእናቴ ስልክ ፍሪ ፋየር እጫወት ነበር። አንድ ቀን ግን የወር ፓኬጇን ጨረስኩባትና የሚያስፈልጋት ሰዓት ላይ ስልኩ ባዶ ሆነ። ከዚያ በኋላ የስልኩ መክፈቻ ቁጥር ተቀየረ። እስካሁን ሰባት ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ የታናሽ እህቴ ልደትም አይደለም። እናቴ አምባሻ እየጋገረች ለሻይ ቤቶች ታስረክባለች። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት የማደርሰው እኔ ነኝ፣ ለዚያ ነው አንዳንድ ቀን 10 ብር የምትሰጠኝ። መብራት ሲጠፋ ምድጃው ስለማይሠራ እሷ በጣም ትበሳጫለች። እኔም ጌም ቤቱ ስለሚዘጋ እበሳጫለሁ። «ልጄ ለእኔ አዘነ» ትላለች፣ ዝም እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከእኛ ክፍል አንድ ልጅ አለ። ስሙን አልጽፍም ብዬዋለሁ። ሁልጊዜ ባርሴሎናን ስለሚይዝ ሁላችንም «ባርሳ» ነው የምንለው። ባርሳ ጌም ቤት የሚመጣው ስንለቀቅ ነው፣ ወረፋ ይይዛል፣ አንድ ጨዋታ ይጫወታል፣ ይሸነፋል፣ 10 ብር ለዳኛው ይሰጥና ይወጣል። አንድ ብቻ። ድገም ብትለው አይደግምም። እኔ ከኋላው «ፈርቶ ሄደ!» እያልኩ እጮህ ነበር። ከእኔ ጋር 23 ጊዜ ተጫውቷል፣ 21 ጊዜ አሸንፌዋለሁ።

ያሸነፈኝ ሁለቱ ቀናት ነበሩ የባሱት። ሁለቱንም ቀን እንዳሸነፈ ብድግ ብሎ ቦርሳውን ያዘና «በቃ ልሂድ» አለ። ቤቱ በሙሉ ጮኸበት። «አሸናፊ አይነሳም እኮ! ሕግ ነው!» አልነው። ዳኛው ራሱ «እንደዚህ አይሆንም» አለው። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈሪ የሚለው ስም ጸናበት።

በመጋቢት ወር አንድ ከሰዓት የበልግ ዝናብ ጀመረ፣ ታስታውሱ ይሆናል፣ በረዶም ነበረበት። እኔ ያን ቀን ባርሳን 4 ለ 0 አሸንፌው፣ አራተኛው ጎል ሲገባ ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር። ቤት ስደርስ አክስቴ መጥታ ጠበቀችኝ። ከከተማው ወደ ጫጫ መውጫ በኩል የታመመ ዘመድ ስለነበረን ልትጠይቅ ስትሄድ አብሬያት እንድሄድ ተነገረኝ። በባጃጅ ሄድን። ከኋላ ሦስት ሆነን ነበር፣ ቦታ የለም። ዝናቡ የባጃጁን ሸራ ይደበድበዋል።

ከተማው ሊያልቅ ሲል በአስፋልቱ ዳር አንድ ልጅ ሲሮጥ አየሁ። ቦርሳውን በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፎታል፣ ራሱ ግን ምንም አልለበሰም። ዩኒፎርሙ የእኛ ነው። ስናልፈው ባርሳ መሆኑን አወቅሁ። እሱም ወደ ባጃጁ ዞር አለ።

እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን የማስር መሰልኩ። አክስቴ «ያ ልጅ ምን ነካው፣ በዚህ ዝናብ!» አለች። እኔ «አላውቀውም» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም እኮ። ለምን «አላውቀውም» እንዳልኩ እስካሁን አልገባኝም። ኪሴ ውስጥ ያን ቀን ያልከፈልኳት 10 ብር ነበረች።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን እረፍት ላይ ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ቤታችሁ በጫጫ መንገድ ነው እንዴ?» አልኩት።

«አዎ።»

«ሩቅ ነው?»

«በባጃጅ ሩቅ አይደለም።»

«በእግርስ?»

ሳቀ። «በእግር አንድ ሰዓት። ከሮጥኩ ያንሳል።»

ከዚያ ቀስ በቀስ ነገረኝ። ጠዋት በእግሩ ነው የሚመጣው። ለመመለሻ ግን 10 ብር ይሰጡታል፣ ከሰዓት የአያቱን በጎች የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ ቶሎ እንዲደርስ ነው። በእግሩ የሄደ ቀን «ባጃጅ አጣሁ» ይላቸዋል። አያቱ አንዳንዴ ያምኑታል።

እኔ ዝም ብዬ በጭንቅላቴ አሰላሁ። 21 ጊዜ። 210 ብር። ይህ የደብተሬ ሒሳብ ነው። የእሱ ሒሳብ ደግሞ 21 ሰዓት መንገድ ነው።

«ታዲያ ለምን ትመጣለህ?» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ተቆጥቼ ነበር የጠየቅሁት።

«ያቺን አዲሷን ጆይስቲክ አንድ ቀን ልይዛት ፈልጌ» አለኝ።

ይህን ለማያውቁ ልንገራችሁ፣ ቅድም መጻፍ ነበረብኝ፣ ሳልጽፈው ያለፍኩትም አውቄ ሳይሆን አይቀርም። በእኛ ቲቪ ላይ ሁለት ጆይስቲክ አለ። አንዷ አዲስ ናት። ሌላዋ ያረጀች ናት፣ የግራ መሪዋ ሳትነካት ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ የኤክስ ቁልፏም ተጭነሃት ቶሎ አትመለስም። ፓስ አንድ ትላለህ፣ እሷ ረጅም ፓስ ትሰጣለች። አዲሷን የሚይዘው ተቀምጦ የቆየው ነው፣ ማለትም አሸናፊው። አዲስ የሚገባው አሮጌዋን ይይዛል። ስለዚህ ያሸነፈ ማሸነፉ ይቀለዋል። እኔ ከ64ቱ ጨዋታ ስንቱን በአዲሷ እንደተጫወትኩ ደብተሬ ላይ አልጻፍኩም። ብዙውን ነው።

ባርሳ እኔን ሁለት ጊዜ ያሸነፈኝ በዚያች በተበላሸችው ነው። ካሸነፈ በኋላ ቢቀመጥ አዲሷን ይይዝ ነበር፣ ግን የሚቀጥለውን ቢሸነፍ በእግሩ ይሄዳል። ለዚህ ነው የሚነሳው። እኛ ደግሞ ፈሪ አልነው።

ዓርብ ዕለት ወረፋው ደርሶት ሊቀመጥ ሲል አዲሷን ጆይስቲክ አቀበልኩት። «ምን ሆነሃል?» አለኝ። «ያዛት በቃ» አልኩት። ዳኛው አየን፣ ምንም አላለም።

ወንድሞቼ እህቶቼ፣ አሮጌዋን ስይዛት ቤል ራሱ ሰከረብኝ። ፊት ለፊት ሩጥ ስለው ወደ መስመር ይሄዳል። ያቺ ኤልዋን እና ሦስት ማዕዘን ያልኳችሁ ኳስ ሁለት ጊዜ ወጥታ ውጭ ወደቀች። ባርሳ ደግሞ እኔ አይቼው በማላውቀው መንገድ ተጫወተ፣ አጭር አጭር ፓስ፣ ሜሲ ወደ ኔይማር፣ ኔይማር ወደ ስዋሬዝ። ለካ ሁልጊዜ ሊጫወት የሚሞክረው ይህን ነበር፣ የኤክስ ቁልፏ አስቸግራው ነው። 3 ለ 1 ተሸነፍኩ።

ደግ ልጅ ሆኜ ደስ አለኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ተናደድኩ። ለሁሉም እንዲሰማ «ጆይስቲኩ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አንድ ትንሽ የአምስተኛ ክፍል ልጅ «እኛ ስንል አታምንም ነበር» አለኝ። ጆሮዬ ጋለ። 10 ብሬን ከፈልኩ።

ባርሳ እንደ ልማዱ ሊነሳ ብድግ ሲል «አሸናፊ አይነሳም» አልኩት፣ ግን በቀስታ፣ ለእሱ ብቻ። ትንሽ ቆሞ አሰበ። ኪሱን በእጁ ነካ አደረገ። ከዚያ ተቀመጠ። የሚቀጥለውን ልጅ 2 ለ 0 አሸነፈ። የሚቀጥለውንም አሸነፈ። አራተኛው ጨዋታ ላይ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ መጣና እኩል ወጡ፣ በፔናሊቲ ተሸነፈ። 10 ብሩን ሲሰጥ እየሳቀ ነበር።

እኔም ገንዘብ አልነበረኝም፣ ስለዚህ ለባጃጅ ልሰጠው አልቻልኩም። አብሬው በአስፋልቱ እስከ እኛ መታጠፊያ ሄድኩ። ሰማዩ ጥሩ ነበር፣ ዝናብ የለም። መንገዱን ሙሉ ስለ ሁለተኛው ጎል ብቻ አወራኝ። እኔ ላይ የገባው እንደሆነ የረሳው ይመስለኛል። ያን ዝናባማ ቀን በባጃጁ ውስጥ ያየኝ እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። አልጠየቅሁትም። ይህን ጽሑፍ ሲያነብ ግን ያውቃል።

አሮጌዋ ጆይስቲክ እስካሁን አልተሠራችም። ዳኛውን ጠይቀነው «ሰኞ» ብሎናል፣ የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልነገረንም። እስከዚያው እኔና ባርሳ ስንጫወት በየእረፍቱ እንቀያየራለን፣ የመጀመሪያው አጋማሽ የእኔ ከሆነች ሁለተኛው የእሱ ናት። ሌሎቹ ልጆች ግን አልተስማሙም፣ በተለይ የስምንተኛ ክፍሉ ልጅ።

ደብተሬ ላይ 65 ጨዋታ፣ 48 ድል፣ 73.8 ፐርሰንት ብዬ ጽፌያለሁ። እናቴ አንድ ቀን የሒሳብ ደብተርህን አሳየኝ ካለች ያቺ ገጽ ትቀደዳለች። ሰላም ሁኑ።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል