በብሪስቶል ከተማ ረቂቁን ነገር በእጅ ስለ መጨበጥ

ከሎንዶን በባቡር ወደ ምዕራብ የተጓዘ ሰው ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ከብሪስቶል ከተማ ይደርሳል። ከተማይቱ በአቮን ወንዝ ዳር የተቈረቈረች፥ ዳገት የበዛባት የመርከብ አገር ናት። በ1843 ዓ.ም. (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ቍጥር እንጽፋለን) ወደ ውሃ የወረደችው ግሬት ብሪቴን የተባለች የብረት መርከብ ዛሬም በተሠራችበት ስፍራ ቆማ ትጐበኛለች። እኛ ግን ወደቡን ትተን ዳገቱን የወጣነው ስለ ሌላ ነገር ነው።

የዚህች ከተማ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ሊቃውንት በ2018 ዓ.ም. አንድ ሥራ አሳተሙ። ይኸውም ዓይን የማያየውን ሞለኪውል በምናባዊ እውነታ መነጽር ውስጥ አጕልቶ በእጅ የሚያስይዝ ነው። ሞለኪውሉም እንደ ሥዕል የቆመ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ የተፈጥሮን ሕግ ተከትሎ ስለሚያሰላ ሲስቡት ይለጠጣል፥ ሲለቁትም ይንቀጠቀጣል። ሰዎች የፕሮቲንን ሰንሰለት እንዲቋጥሩ በታዘዙ ጊዜ፥ በተለመደው የኮምፒዩተር ማውስ እጅግ ሲደክሙ በመነጽሩ ግን ፈጥነው ቋጠሩት። ይህ አላስደነቀንም። የነጠላ ጫፍ የምትቋጭ እናት አሠራሩን በቃል አስረጂ ብትባል አፏ ይያዛል፤ እጇ ግን አይሳሳትም።

በመጀመሪያ በእጅ የሚጨበጥ መሣሪያ ነበረ፤ ኋላ ግን አውራ ጣት ከሌላው ጣት ጋር ሲነካካ የሚያውቅ የጨርቅ ጓንት ሠሩ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ኤንዛይም ሥራ ተማሪዎችን በዚሁ መንገድ ማስተማራቸውን ጽፈዋል።

እኛም በአንድ ወዳጃችን ዘንድ መነጽሩን አጥልቀን፥ 60 የካርቦን አቶሞች እንደ ኳስ የተያያዙበትን ሞለኪውል ጨበጥን። በመዳፋችን ግን ምንም አልነበረም፤ አይከብድም፥ አይሞቅም። ልጅ እንስራ ሳያነሣ ክብደትን ዐወቅሁ እንዳይል ሠጋን። ስለ ሚዛንና ስለ ፔንዱለም ከሆነ፥ በቤት ውስጥ ክርና ድንጋይ ይበቃዋልና መነጽሩ ትርፍ ወጪ ነው እንላለን። ሞለኪውልን ግን በጣቱ ያነሣ ሰው ከቶ የለም፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ከልጁ የሚቀርበት ነገር የለም።

ደግሞም በ2020 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ ሰዎች አንዳች ሳይነካቸው በዓይናቸውና በእጃቸው እንቅስቃሴ ብቻ ከእንዲህ ያሉ ኳሶች ለስላሳውን ከጠንካራው መለየት እንደ ቻሉ ይናገራል። ከእኛ ቀጥላ መነጽሩን የተቀበለች ትንሽ ልጅ ሁለት ኳሶችን ተራ በተራ ጐትታ ለቀቀችና፥ ማንም ሳይጠይቃት፥ «ይህኛው ይጠነክራል» አለች።