«አባዬ፣ ዝም በል»

ልጄ የዱር እንስሳት ታጠናለች። ቤተ ክርስቲያን መምጣት ካቆመች ሦስት ዓመት አለፋት። እውነቱን ልናገርና፣ በእነዚህ ዓመታት አብረን በተቀመጥን ቁጥር ሰብኬላታለሁ። ባለፈው ጥቅምት «አባዬ፣ ሐረና ደን እንሂድ» ስትለኝ ደስ ብሎኝ መጽሐፍ ቅዱሴን ያዝኩ። ሦስት ቀን ሙሉ የትም አታመልጠኝም አልኩ በልቤ።

ከጎባ ተነስተን፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳኔቲን አምባ አቋረጥን። እዚያ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወደ ሐረና ሲወርድ ሌላ ዓለም ይመጣል። ደመናው በዛፎቹ መካከል ይመላለሳል፤ ከኮሶው ቅርንጫፍ የሽማግሌ ጺም የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ዝናብ ሳይኖር ቅጠሉ ሁሉ ያንጠባጥባል።

በማግስቱ ማለዳ ሪራ አካባቢ ወደ ቀርከሃው ገባን። የባሌን ጦጣ ልታሳየኝ ነው። ይህች ጦጣ ከአገራችን ደቡብ ምሥራቅ ደጋ በቀር በዓለም የትም አትገኝም፤ በብዛት የምትበላውም የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው። እኔ እየተራመድኩ ኢዮብ 39ን አብራራለሁ፤ እግዚአብሔር ማንም የማያያቸውን አውሬዎች እንዴት እንደሚያውቃቸው።

«አባዬ» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «ዝም በል። እየሰሙህ ነው።»

ተቀመጥን። ሃያ ደቂቃ ዝም ማለት ለሰባኪ ምን ማለት እንደሆነ የመጋቢ ሚስቶች ያውቃሉ። ከዚያ ቀርከሃው ተነቃነቀ። አንዲት ጦጣ ግልገሏን ሆዷ ላይ ለጥፋ ወጣች፤ አየችንና መብላቷን ቀጠለች። ከበላያችን አረንጓዴ ወፍ ተቀምጣ ነበር፤ ሶሪት የሚሏት። ስትበር ክንፏ ውስጥ ደማቅ ቀይ ታየ። ልጄ በሹክሹክታ፣ ያ ቀይ ቀለም መዳብ እንዳለበት ነገረችኝ። «ቁጭ ብላ ብቻ ብታያት ቀይ እንዳላት አታውቅም ነበር» አለች።

እንደዚያው በሹክሹክታ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ጓደኛዋ የሞተች ሰሞን ወደ እኔ መጥታ ነበር። እኔ ሮሜ 8ን ከፍቼ አስተማርኳት። እርሷ የፈለገችው ግን አብሬያት እንዳለቅስ ነበር።

መልስ ነበረኝ፤ ጥቅሱም አፌ ላይ ደርሷል። የኢዮብ ወዳጆች መልካም የሠሩት ሰባት ቀን ዝም ብለው የተቀመጡ ጊዜ ነው፤ ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለሁ ስለዚህ ረጅም ጽሑፍ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ።

አፌን ዘጋሁ። ዕንባዬ ግን መጣ፤ እርሷም አየችው። ጦጣዋ አሁንም እየበላች ነበር።

ልጄ እስካሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም። ስለ እርሷ እጸልያለሁ፤ ጸሎቴም ከበፊቱ አጥሯል። ባለፈው እሁድ ማታ ራሷ ደወለችልኝ። አርባ ደቂቃ አወራች። እኔ «እሺ ልጄ» ከማለት ሌላ ምንም አላልኩም።