ከአምስት ኪሎ እስከ ፒያሳ፦ የጀማሪዋ ክርና ኪሮሽ

በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መካከል ያለው አምስት ኪሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ሐዳር ከተባለው ቦታ የተገኘችው የድንቅነሽ ቤት የሆነው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ሁለተኛው የነገ መሐንዲሶች የሚሠለጥኑበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። የእጅ ሥራ ለምትማር እህት ግን አምስት ኪሎ ሌላ ጥቅምም አለው። ከዚህ ተነሥታ ሽቅብ ብትሄድ ስድስት ኪሎን አልፋ የሸማኔዎች ሰፈር ከሆነው ከሽሮ ሜዳ ትደርሳለች። ቁልቁል ብትወርድ ደግሞ አራት ኪሎን ዞራ፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግራ ፒያሳ ትገባለች። በላይኛው መንገድ በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ በታችኛው መንገድ የፋብሪካ ክር አለ። ጀማሪዋ በየትኛው መንገድ ብትሄድ ይሻላታል? የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

ኪሮሽ የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። በአገራችን ለመሣሪያውም ለሥራውም መጠሪያ ሆኗል። ከሥራው ውጤቶች ሁሉ ይበልጥ የምናውቀው ዳንቴልም ስሙን ያገኘው ከዚያው ቋንቋ ነው። ጠረጴዛ፣ ሶፋ፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ አልፎ ተርፎም የረከቦት ስኒዎች በዳንቴል የሚሸፈኑበት ቤት ውስጥ ያላደገ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። ሙያው የቤት ማስዋቢያ ብቻ ሆኖ የኖረም አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ በመመታቱ አየርላንድ በከባድ ረኀብ በተጠቃች ጊዜ፣ መነኮሳይያትና በጎ አድራጊ ሴቶች የኪሮሽ ዳንቴል እያስተማሩ ብዙ ቤተሰቦች በሥራው ሽያጭ የዕለት ጉርሳቸውን እንዲያገኙ ረድተዋል። የሹራብ መኪና ከተፈለሰፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እውነተኛው የኪሮሽ ሥራ ግን እስከ ዛሬ የእጅ ሥራ እንደሆነ ይኖራል።

ይህን ሙያ ለመማር ተነሥተው በሳምንታቸው የሚተዉት እህቶች ቁጥር ቀላል አይደለም። ለምን ተዋችሁት ሲባሉ የብዙዎቹ መልስ «እጄ አይታዘዝልኝም» የሚል ነው። በአምስት ኪሎ ያነጋገርናት አንዲት ተማሪም የነገረችን ይህንኑ ነው። እናቷ ለራሳቸው ሥራ ያስቀመጡትን ቀጭን ነጭ የዳንቴል ክርና የመርፌ ያህል የቀጠነ የብረት ኪሮሽ ሰጥተዋት ነበር። በመጀመሪያው ማታ ሰንሰለቱን ሠራች፤ በሁለተኛው ማታ ተመልሳ መንጠቆውን የምታስገባበትን ቀዳዳ አጣችው። በሦስተኛው ማታ ክሩንም ኪሮሹንም ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «የእናቴ እጅ የተባረከ ነው፤ የእኔ ግን ለዚህ አልተፈጠረም» ብላ ደመደመች። የመኪና ክፍሎችን በሚሊ ሜትር እየለካች የምትስል ልጅ እጇ ለክር አልተፈጠረም ብላ ማመኗ የሚያሳዝን ነው።

እናቲቱ የሰጧት ከሁሉ የሚወዱትን ነው፤ በፍቅር ረገድ ምንም አላጓደሉም። ነገር ግን እሳቸው በብዙ ዓመት ልምድ የደረሱበትን ክር ልጃቸው በመጀመሪያው ቀን እንድትይዘው ሆነ። የዳንቴል ክር በቁጥር ይታወቃል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ ይቀጥናል። ቁጥር 10 ከቁጥር 20 ይወፍራል፣ ቁጥር 40 ደግሞ ከሁለቱም ይቀጥናል። ከእነዚህ ውስጥ ወፈር ያለው ቁጥር 10 እንኳ ከ1.5 እስከ 1.75 ሚሊ ሜትር የሆነ ኪሮሽ ይፈልጋል። በዚህ ክር የተሠራ ዓይን ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ስለሆነ፣ ጀማሪዋ የቱ ጋ እንደተሳሳተች ልታይ አትችልም። ስሕተቱን ያላየ ሰው ደግሞ ሊያርመው አይችልም።

በላይኛው መንገድ ወደ ሽሮ ሜዳ የምትሄድ እህት የምታገኘው ጥጥ ለዓይን የሚማርክ ነው። ሸማኔዎቻችን ለድሩ በብዛት የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ ደግሞ በእንዝርት የተፈተለውን ይጠቀማሉ። የሸማው ልስላሴና ሙቀት የሚገኘው ከዚሁ ማግ ነው። ነገር ግን በእጅ የተፈተለ ማግ አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ቦታ ይቀጥናል፤ አከራረሩም ላላ ያለ ነው። ሽመና ላይ ድሩ አቅፎ ይይዘዋል። በኪሮሽ ጊዜ ግን ክሩ ብቻውን እየተጎተተ በጠባብ ቀለበት ውስጥ ስለሚያልፍ ይበጠሳል፣ ወይም መንጠቆው መካከሉን ይሰነጥቀዋል። ስለሆነም የሽሮ ሜዳው ክር እጅ ከተፍታታ በኋላ የሚደረስበት እንጂ የሚጀመርበት አይደለም። ለጊዜው ወደ ታች እንውረድ።

የሚያዝያ 27ን የድል ሐውልት አልፈን፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ዳገቱን ስንወጣ ወደ አሮጌው አራዳ እንገባለን። የከተማይቱ ዋና ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ በነበረበት ዘመን አቡጀዲውም፣ ጥጡም፣ ክሩም የሚሸመተው በዚሁ አካባቢ ነበር። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው ዛሬ መርካቶ የምንለውን ሠፈር መሠረቱ። ፒያሳ ግን የልብስ ሰፊዎች፣ የወርቅ ሠሪዎችና የልዩ ልዩ ዕቃ ሱቆች መናኸሪያ ሆና ቀጠለች። በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ የኮሪደር ልማቱ ሥራ በተጀመረ ጊዜ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ አሮጌ መንደሮች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውና ነጋዴዎቻቸውም ወደ ሌሎች የከተማይቱ ክፍሎች ተዛውረዋል። መንገዱ ሰፍቷል፤ የድሮውን ሱቅ በለመደው ቦታ የሚፈልግ ሰው ግን ላያገኘው ይችላል።

ይህ ለክር ገዢዋ ትርጉም አለው። ቀድሞ አንዲት ልጅ ወደምታውቀው ሱቅ ገብታ «ለዳንቴል ክር ስጡኝ» ስትል፣ ባለሱቁ የማን ልጅ እንደሆነችና ምን ልትሠራ እንደፈለገች ጠይቆ ራሱ ይመርጥላት ነበር። ዕውቀቱ የነበረው ከባንኮኒው ወዲያ ነው። ዛሬ በፒያሳም ሆነ በመርካቶ የምትገዛው ከማታውቀው ነጋዴ ሊሆን ስለሚችል፣ ዕውቀቱን ከባንኮኒው ወዲህ ይዛው መሄድ ይኖርባታል። ይህም አስቸጋሪ አይደለም፤ አራት ነገሮችን ማየት ይበቃል።

በመጀመሪያ የሚታየው ክሩ ከምን እንደተሠራ ነው። ጥጥ ጠንካራና ታጥቦ የማይሰለች ነው፤ ነገር ግን ስለማይለጠጥ ጣትን ያደክማል። ሱፍ ይለጠጣል፣ ለጀማሪ እጅም ይታዘዛል፤ ሆኖም በሙቅ ውኃ ከታጠበ ይኮማተራል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ የሹራብ ክር ብዙውን ጊዜ ከሱፍ ይረክሳል፣ በቀላሉ ይታጠባል፣ ጥቂትም ይለጠጣል። ለመለማመጃ የሚመከረው ይኸው ነው። ጸጉራም የሆነውንና እንቡጥ እንቡጥ ያለበትን ክር ግን ውበቱ ቢያታልልም መተው ይሻላል፤ ዓይኖቹን ስለሚደብቅ ተሳስቶ ለመፍታትም ያስቸግራል።

ሁለተኛው ውፍረቱ ነው። ለጀማሪ የሚስማማው መካከለኛ የሹራብ ክር ነው። 100 ግራም የሚመዝን የዚህ ክር ልቃቂት 200 ሜትር ያህል ርዝመት ይኖረዋል። ያው 100 ግራም በቁጥር 10 የዳንቴል ክር ሲሆን ወደ 500 ሜትር ይደርሳል። በመሆኑም በመጠቅለያው ወረቀት ላይ ግራሙንና ሜትሩን አስተያይቶ መግዛት ጠቃሚ ነው። ለተመሳሳይ ክብደት ሜትሩ በበዛ ቁጥር ክሩ ቀጭን ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ቀለሙ ነው። ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊና ቡናማ ክር በማታ መብራት ሲሠራ ዓይኑ አይለይም። በጣም ነጭ የሆነውም ለመለማመጃ ቶሎ ይቆሽሻል። ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ወይም የጽጌረዳ ቀለም ቢሆን ይመረጣል። ከአንድ በላይ ልቃቂት የሚገዛ ከሆነ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የማቅለሚያ ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከተለያየ ሱቅ ውስጥ አንድ የመሰለው ቀለም ቤት ሲደርስ ሁለት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ልቃቂቶቹን ጎን ለጎን ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ወጣ ማለት ይበጃል።

አራተኛው አከራረሩ ነው። ባለሱቁን አስፈቅዶ የክሩን ጫፍ ጥቂት መፍታትና በሁለት ጣት መካከል ማሸት ነው። ወዲያው የሚበታተን ከሆነ መንጠቆው ይሰነጥቀዋል። ቀስ ተብሎ ሲሳብ የሚበጠስ ከሆነም አይጠቅምም። ለሕፃን ልብስ የታሰበ ከሆነ አንገት ላይ ነካ አድርጎ እንደሚኮሰኩስና እንደማይኮሰኩስ ማወቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ኪሮሹ እንመለስ። ኪሮሽ የሚለካው በአንገቱ ውፍረት ነው። መካከለኛ ለሆነው ክር 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ኪሮሽ ተስማሚ ነው፤ እሱ ካልተገኘ 4.5 ወይም 5.5 ያገለግላል። አንዳንድ ኪሮሾች በፊደል ወይም በሌላ የቁጥር አሠራር ይለያሉ። በአንዳንዱ አሠራር ቁጥሩ ሲጨምር ኪሮሹ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ዓይን ማረፍ ያለበት በሚሊ ሜትሩ ላይ ነው። በክሩ ወረቀት ላይም አብዛኛውን ጊዜ የኪሮሽ ሥዕልና የሚስማማው መጠን አብሮ ይታተማል።

የኪሮሹን ዓይነት በሚመለከት አሉሚኒየም ለጀማሪ ይመቻል። ክሩ ሳይይዝ ይንሸራተትበታል፣ በቀላሉም አይሰበርም። እንጨትና ቀርከሃ ለእጅ ይሞቃሉ፤ በደንብ ካልለሰለሱ ግን ክር ይይዛሉ። ቀጭኑ የብረት ኪሮሽ ቦታው የዳንቴል ክር ላይ ነው። ከመግዛት በፊት በጣት ጫፍ መንጠቆውን መዳሰስ ተገቢ ነው። ሹልነት ወይም ሻካራነት ካለው ክሩንም ጣትንም ይጎዳል። ክሩን መንጠቆው ውስጥ አስገብቶ ማየትም ይቻላል፤ ሳይጨናነቅና ሳይዋልል ልክክ ብሎ ከተቀመጠ ሁለቱ ተስማምተዋል። አውራ ጣት የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ ያለው ኪሮሽ ደግሞ እጅ ውስጥ እንዳይዞር ይረዳል።

ሙሉ የኪሮሽ ስብስብና አሥር ዓይነት ቀለም በአንድ ጊዜ መግዛት አያስፈልግም። ለመጀመሪያው ወር አንድ ኪሮሽና አንድ ልቃቂት ይበቃሉ፤ መቀስና ወፍራም ዓይን ያለው መርፌ በቤት ከሌለ ይጨመራል። ከወር ወጪ ላይ ተቀንሶ የሚገዛ ዕቃ ስለሆነ፣ ሙያው መወደዱ ሳይታወቅ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ቤተሰቡን ያስቀይማል፤ ተማሪዋንም በራሷ ያሳፍራታል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ያህል ዓይን ያለው ሰንሰለት ሠርቶ፣ በላዩ ላይ ተራ በተራ እየተመላለሱ አራት ማዕዘን ቁራጭ ማውጣት ጥሩ ልምምድ ነው። በእያንዳንዱ ተራ መጨረሻ ዓይኖቹን መቁጠር ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከጎደለ ሥራው ወደ ውስጥ ይጠባል፣ ከበዛም ወደ ውጭ ይሰፋል። ሥራው እንደ እንጨት ከደረቀ እጅ እየጨበጠ ነውና በግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ ኪሮሽ መሞከር ነው፤ ከላላ ደግሞ ዝቅ ያለውን። የተበላሸውን ፈትቶ እንደገና መሥራት ኪሳራ የለውም። የኪሮሽ ትልቁ ቸርነትም ይኸው ነው፤ ጨርቅ በመቀስ ከተሳሳተ አይመለስም፣ ክር ግን ወደ ልቃቂቱ ይመለሳል።

እጅ ሲፍታታ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ኪሮሽና ቀጠን ወዳለ የጥጥ ክር፣ ከዚያም ወደ ቁጥር 10 የዳንቴል ክር ደረጃ በደረጃ መውረድ ይቻላል። የእናት ነጭ ክር ከመሳቢያ የሚወጣበት ጊዜም ያን ጊዜ ነው። ሙያውን ለገቢ የሚያስቡ እህቶች ደግሞ አንድ የጠረጴዛ ዳንቴል ብዙ ሳምንት ሊወስድ እንደሚችል አስቀድመው ያስሉ። የክሩን ዋጋ ብቻ ይዞ ሲሸጥ የማታው ሰዓት ሁሉ በነጻ ሄደ ማለት ነው። ትንንሽና ቶሎ የሚያልቁ ሥራዎች፣ የሕፃን ቆብና የስኒ ማስቀመጫን የመሳሰሉት፣ ለጀማሪ ሻጭ ይሻላሉ።

ሙያውን ለምታወርሱ እናቶችም አንድ ቃል አለን። ልጃችሁ ኪሮሽ አስተምሪኝ ብላ ስትቀመጥ ያማረውን ሥራችሁን አሳዩአት፤ በእጇ የምትሰጧት ግን ወፈር ያለውንና ዓይኑ የሚታየውን ክር ይሁን። አምስት ኪሎ ያነጋገርናት ተማሪም መካከለኛ የሹራብ ክርና ባለ 5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ገዝታ እንድትሞክር ነግረናታል። ፒያሳ ለመውረድ የሚያስፈልጋት የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።